ድንጋዩ ላይ የትኛው ስም ይጻፍ?

ውድ እህቶቼ፣ «አንቺም እስቲ አንድ ነገር ጻፊልን» ከተባልኩ ሁለት ወር አለፈኝ። ምን ልጻፍ ብዬ ሳስብ አንድ ነገር ብቻ እየተመላለሰ ይመጣብኛል፤ የመቃብር ድንጋይ። «ምነው ይቺ ሟርተኛ!» እንዳትሉኝ። የማወራው ስለ ሞት ሳይሆን ስለ ስም ነው። በስም ነገር ደግሞ በዚህ በሪያድ ከተማ እንደ እኛ የተቸገረ ሰው ያለ አይመስለኝም።

ነገሩ የጀመረው እንዲህ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ኮምፓውንድ ውስጥ ለምትኖር አንዲት እንግሊዛዊት አስተማሪ እሠራ ነበር። ከዓመት ዕረፍቷ በተመለሰች ሰሞን፣ ልብስ ስተኩስ አጠገቤ መጣችና በስልኳ ፎቶ አሳየችኝ። ያረጀ ቤተ ክርስቲያን፣ ረዥም ሣር፣ ሣሩ መሀል ወደ ጎን ያዘመመ ሽበት ያወጣ ድንጋይ። እሷ ተንበርክካ በውሃና በለስላሳ ብሩሽ ታጥበዋለች። ለካ የአያቷ አያት መቃብር ነው። ስማቸው፣ የሚስታቸው ስም፣ የሞቱበት ዓመት ተቀርጾበታል። ፊደሉ ስለተበላ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ በጎን ስትመታው እየጠበቀች፣ ሁለት መስመር ለማንበብ ሦስት ቀን እንደፈጀባት ነገረችኝ። በአገራቸው እያንዳንዱ አጥቢያ የተጠመቀውን፣ ያገባውንና የተቀበረውን ሰው በመዝገብ እንዲጽፍ የታዘዘው እ.ኤ.አ. በ1538 ነው አለች። መዝገቡ የጎደለበት ሰው ግን ድንጋይ ለድንጋይ እየዞረ ያነባል፤ ከድንጋዩ ስም፣ ከስሙ ዓመት፣ ከዓመቱ ሌላ መዝገብ እያለ ወደ ኋላ ይሄዳል።

ከዚያ ድንገት ዞር ብላ «የአንቺስ የአያትሽ አያት የት ነው የተቀበሩት? መቃብራቸው ላይ ምን ተጽፏል?» አለችኝ።

«ምንም» አልኳት። ካውያውን እንደያዝኩ ቀረሁ። እሷም አዘነችልኝ፤ እዝነቷን ፊቷ ላይ አየሁት። ስድብ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ማታ ጋደም ብዬ ግን ነገሩ ተገለበጠብኝ። ስሜን ጠራሁ፣ የአባቴን፣ የአያቴን፣ የቅድመ አያቴን፣ እንዲህ እያልኩ ሰባት ቤት ድረስ ሳልደናቀፍ ወረድኩ። ልጅ ሆኜ ሴት አያቴ እምዬ እሳት ዳር አስቀምጣ ያስጠናችኝ ነው፤ ስሳሳት በቁንጥጫ። ማዳሜ ደግሞ ድንጋዩ እስኪነግራት ድረስ የአያቷን አያት ስም አታውቅም ነበር። እሷ ድንጋዩን ይዛ ስሙን ስትፈልግ ኖረች፤ እኔ ስሙን ይዤ ድንጋዩ የለኝም። ታዲያ ከሁለታችን ሟቾቿን የረሳችው የትኛዋ ናት?

እዚህ ላይ መኩራራት ቃጥቶኝ ነበር። ግን እውነቱን እንነጋገር። እኛ አገር ዘር የሚቆጠረው ለፍቅር ብቻ አልነበረም። አንደኛው ጋብቻ ነው፤ ሰባት ቤት ሳይቆጠር አይጋቡም። ሁለተኛው ርስት ነው። በእኛ በአማራው አገር መሬት የሚገኘው በአባትም በእናትም በኩል ሐረግ ተመዞ መጀመሪያ አገሩን ካቀናው አባት ላይ ሲደረስ ነበር። አንድ ሰው አንዲት አያት ከዘነጋ አንድ ማሳ አጣ ማለት ነው። ሽማግሌዎቹ ያን ሁሉ ስም በቃላቸው የያዙት ስሙ መሬት ስለነበር ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ነው ተብሎ ሲታወጅ ርስት ቀረ፤ ቀስ በቀስም ቆጣሪው ጠፋ። ታናሽ ወንድሜ ከአያቱ በላይ አያውቅም። «ምን ይጠቅመኛል?» ይላል። እምዬ ብትኖር ትቆነጥጠው ነበር፤ መልስ ትሰጠው እንደሆን ግን እንጃ።

በሚቀጥለው ዕረፍቴ አምባሰል ገጠር ስገባ እናቴን ይዤ ወደ ቤተ ክርስቲያናችን ግቢ ሄድኩ። የማዳሜ ጥያቄ አልለቀቀኝማ። ግቢው እንደምታውቁት ነው፤ ጽድ፣ ወይራ፣ ጸጥታ። መቃብሩ የድንጋይ ክምር ነው። ጽሑፍ የሚባል የለም፣ አልፎ አልፎ አረብ አገር ባለች ልጅ ገንዘብ የተሠራ ሲሚንቶ ፎቶ ተለጥፎበት ካልሆነ በቀር። እናቴ ግን በክምሮቹ መሀል እንደ ገበያ መንገድ ትሄዳለች። «ይቺ እትዬ እገሊት ናት፣ አጥንቷ ይለምልም፤ ከወይራው ሥር አያ እገሌ፤ እዚያ ጥግ መንታዎቹ» ትለኛለች። ዘጠኝ ክምር በስም ጠራችልኝ። እኔ በማግስቱ ብቻዬን ሄጄ ስሞክር ሁለቱን ብቻ አገኘሁ። ያን ጊዜ ደነገጥኩ። መዝገቡ እናቴ ናት፤ እናቴ ደግሞ ስኳር በሽታ አለባት።

የአባቴን ሐረግ ስንከተል አምስተኛው ላይ ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ወጣን። አምስተኛው አያቴ ሙስሊም ናቸው። የወሎ ልጆች አይገርማችሁም፤ በእኛ ቤት ዓሊ ገብረ ማርያምን ይወልዳል፣ ገብረ ማርያም ደግሞ ሰይድን። በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤ ካደረጉ በኋላ የወሎ ሙስሊም ባላባቶች እንዲጠመቁ ታዘዘ፤ ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ራስ ሚካኤል ተባሉ። የተጠመቀም አለ፣ እምቢ ያለም አለ፣ ቀን ክርስቲያን ሌሊት ሙስሊም የሆነም አለ ይባላል። ትልቅ ሰው ታዝዞ ስሙን እንደለወጠ ስሰማ የኛ ነገር ትዝ አለኝ። ለካ ስም መለወጥ በደላላ አልተጀመረም! የአምስተኛው አያቴ መቃብር ነው የተባለው ሁለት ድንጋይ ነው፤ አንዱ በራስጌ፣ አንዱ በግርጌ። ስም የለም።

የእናቴ አባት ግን የትም የሉም። በ1977ቱ ድርቅ ቤተሰቡ ተሰዶ ባቲ መጠለያ ገባ፤ እሳቸው እዚያ ሞቱ፤ ከሌሎች ጋር አንድ ላይ ተቀበሩ። እናቴ ያኔ ሰባት ወር እርጉዝ ነበረች። «ቦታውን ብታዪው ታውቂዋለሽ?» ብላት ዝም አለች። በኋላ «ሰው ነበር ቦታውን የሞላው» ብቻ አለች።

እስቲ ትንሽ ልውጣ። እኛ መቃብር ላይ ስም የማንጽፈው ድንጋይ መቅረጽ ስለማናውቅ አይደለም። አክሱምን ተመልከቱ። የወደቀው ትልቁ ሐውልት 33 ሜትር ያህል ነው፤ ጣሊያን ወስዶት በ1997 ዓ.ም. የተመለሰው 24 ሜትር። መቃብር ማመልከቻ ናቸው፤ መስኮትና በር ሳይቀር ተፈልፍሎባቸዋል። የባለቤቱ ስም ግን አልተጻፈባቸውም። ፊደል እያላቸው እኮ ነው! ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ ሲወረድ ጢያ የሚባለው ቦታም የተቀረጹ የመቃብር ድንጋዮች አሉ፤ ሰይፍና ምልክት ሞልቷቸዋል፤ ስም የለም። ያንን ሁሉ ድንጋይ የቀረጸ ሰው «ይህማ ማን ሊረሳው ነው?» ብሎ ይሆናል። ተረሳ።

ወደ ሪያድ ልመለስ። ጥር 15 ቀን 2007 ዓ.ም. ዓርብ ቀን ንጉሥ አብደላህ የተቀበሩ ዕለት በቴሌቪዥን ያያችሁ ታስታውሳላችሁ። በነጭ ጨርቅ ተከፍነው፣ በዚያው ዕለት፣ እዚሁ አል ዑድ መቃብር ገቡ፤ ምንም ጽሑፍ የለ። ከእሳቸው በፊት ንጉሥ ፋህድም በ1997 ዓ.ም. ሐምሌ እዚያው እንዲሁ ተቀብረዋል። ያን ቀን አብራኝ የነበረች የጅማ እህታችን፣ በዕድሜ ታላቃችን ናት፣ «አየሽ አንቺ ልጅ፣ ንጉሡም ሹፌሩም አንድ አፈር። መቃብር ላይ መጻፍ በእኛ ዘንድ የተጠላ ነው። ሰው መቃብር ሲደርስ ሰላምታ የሚያቀርበው ለሁሉም በአንድ ላይ ነው። ለሟች የሚያስፈልገው ዱዓ እንጂ ስም አይደለም፤ አላህ ስሙን ያውቀዋል» አለችኝ።

ይህ ንግግር በልቤ ገብቷል። የማዳሜን እዝነትም ያጠበልኝ እሱ ነው። በድንጋይ ስሙን ያላስጻፈ ሰው ሁሉ የተበደለ አይደለም። ደግሞም ድንጋይ ያለውም ቢሆን ዋስትና የለውም። አጎቴ አዲስ አበባ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ፉካ ውስጥ ተቀብሮ፣ በእብነ በረድ ስሙ ተጽፎ ነበር። ዓመቱ ሲሞላ ቦታ ጠበበ ተባለና ቤተሰብ አጽሙን እንዲያነሳ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ቤተሰቡ ማስታወቂያውን ያየው ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው።

ግን የጅማዋን እህቴን አንድ ነገር ጠየቅኳት። «እትዬ፣ ጃንሆይስ?» አልኳት። አፄ ኃይለ ሥላሴ በነሐሴ 1967 ዓ.ም. ሞቱ ተባለ። አስከሬናቸው ቤተ መንግሥቱ ግቢ ውስጥ ተደብቆ ተቀብሮ ኖረና በ1984 ዓ.ም. ተቆፍሮ ወጣ። በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል በክብር ያረፉት ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. ነው። ሃያ አምስት ዓመት መሆኑ ነው። እሳቸውን የወደደም የጠላም ሰው ይህ ነገር ልክ እንዳልነበረ ያውቃል። የሳውዲው ንጉሥም የኛውም ንጉሥ ስም በሌለው አፈር ውስጥ ገብተዋል፤ አንደኛውን ወገኖቹ ሃይማኖታቸው ነው ብለው አልቅሰው ቀበሩት፣ ሌላውን ገዳዮቹ ሸሸጉት። ልዩነቱ ድንጋዩ ላይ አይደለም። ስሙን ማን ተወው? ባለቤቱና ወገኑ ወይስ ሌላ ሰው? እትዬ ቆየት ብላ «እሱስ ልክ ነሽ» አለችኝ።

አሁን ወደሚከብደኝ ልግባ።

ብዙዎቻችሁ የምታውቋት አንዲት እህታችን በ2008 ዓ.ም. እዚህ አረፈች። ታማ ነው። በሁለት ስም ስለምትታወቅ ሁለቱንም እዚህ አልጽፍም፤ ቤተሰቧን ሳላስፈቅድ በፎቶ ኮፒ መበተን አልወደድኩም። አገር ቤት አንድ ስም ነበራት። በ1998 ዓ.ም. ስትወጣ ደላላው «በዚህ ስም ቪዛ ቶሎ አይመጣም» ብሎ ሌላ ስም አወጣላት፤ የአባቷንም ስም ለወጠው፤ ዕድሜዋንም ስምንት ዓመት ጨመረበት። እንዲህ ሆነን የወጣን ብዙ ነን፤ ማንም ማንን አይታዘብም። እኛም በፓስፖርት ስሟ ጠራናት፤ አሠሪዎቿም፤ ሐኪሞቹም። አስከሬኗን ለመላክ ስንሰባሰብ፣ ያዋጣንበት ወረቀት ላይ የተጻፈው እሱ ስም ነው። ሳጥኑም ላይ የተለጠፈው እሱ ነው።

ቦሌ ላይ ወንድሟ ሳጥኑ ላይ ያለውን ሲያነብ እናቷ ሰሙ። «ይህቺማ የሰው ልጅ ናት! የኔ ልጅ አይደለችም!» ብለው እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸውም አሉ። ተሳስተው የላኩ መስሏቸው፣ ልጃቸው በሕይወት ያለች መስሏቸው። ወንድሟ ነው ይዞ ያረጋጋቸው። ይህን በስልክ ሲነግረኝ ቁጭ ያልኩበት መነሣት አቃተኝ። ለአሥር ዓመት በስሟ የጠራኋት እኔ፣ ስሟን የሰማሁት ያን ቀን ነው።

ከተዝካሩ በኋላ መቃብሯን በሲሚንቶ ለማሠራት እዚህ ያለነው ጥቂት ብር ልከን ነበር። ድንጋዩ ላይ ምን ይጻፍ የሚለው ጥያቄ ያኔ ነው የመጣው። ለካህኑ አላስቸገረም፤ ፍትሐቱ በክርስትና ስሟ ነው የተደረገው፣ ያንን እናቷ ያውቁታል። ለድንጋዩ ግን እኔ አንድ ሐሳብ አቀረብኩ። የቤት ስሟ በትልቁ ይጻፍ፣ ከሥሩ በትንሹ የፓስፖርት ስሟ ይግባ አልኩ። ምክንያቴን ልንገራችሁ። ከአምሳ ዓመት በኋላ ከወንድሟ ልጆች አንዱ እንደ ማዳሜ ድንጋይ ማንበብ ቢጀምርስ? ድንጋዩ ላይ ያለችውን ልጅ በየትኛውም የሪያድ ወረቀት ላይ አያገኛትም። ወረቀቱ ላይ ያለችውን ደግሞ በየትኛውም መቃብር አያገኛትም። ለሁለት ተከፍላ ትቀራለች። ደግሞም ወንድሟ የተማረበት የሐዋላ ደረሰኝ ሁሉ ላይ ያለው ያ ስም እኮ ነው።

እናቷን በስልክ አገኘኋቸው። «እማማ፣ እንዲህ ብናደርግስ?» አልኳቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ፤ ከዚያ «ልጄ፣ እግዜር ይስጥሽ፣ ለልጄ አስበሽ ነው። ግን ያንን ስም ያወጣሁት እኔ አይደለሁም፤ ያወጣው ደላላው ነው። ደላላ በልጄ መቃብር ላይ ስም አያወጣም» አሉኝ። ምን ብዬ ልመልስ?

ቢሆንም ለብዙ ጊዜ በልቤ ተከራከርኳቸው። ያ ስም የደላላው ብቻ አልነበረማ። ሳቋን የምናውቀው በእሱ ነው። ጸጉሬን ስትሠራኝ፣ ማዳሟ ስትቆጣ ተደብቃ ስትደውልልኝ፣ በእሱ ስም ነው። በ1977ቱ ድርቅ ማግስት የተወለደችው ልጅ የእናቷ ናት፤ ሪያድ ላይ አሥር ዓመት ለፍታ የሞተችውስ የማን ናት? ያ ስም ውሸት ነው ብንል የኖረችውን አሥር ዓመት ውሸት ልናደርገው ነው። እውነት ነው ብንል ደግሞ ሰው ስሙን ሸጦ እንጀራ መግዛቱን ልክ ነው ልንል ነው። እኔ ሁለቱንም ለማለት አልደፍርም። ዛሬ የማስበው ድንጋዩ የእናቷ ነው፣ እሳቸው ያሉት ይጻፍ ነው። የዚያኛው ስም ጠባቂዎች ግን እኛ ነን፤ እኛ ደግሞ ዛሬ እዚህ፣ ነገ የት እንደምንሆን አናውቅም። በ2006 ዓ.ም. ከዚህ አገር ከ160 ሺህ በላይ ሰው ሲመለስ በአንድ ሌሊት የተለያየን፣ እስከ ዛሬ ያልተገናኘን ስንት ነን? የመንፉሓ ሰዎች ታውቁታላችሁ።

ባለፈው ዕረፍቴ ደሴን አልፌ እናቷ ዘንድ ሄድኩ። መቃብሩን አሳዩኝ። ማንበብ ስለማይችሉ «እስቲ አንብቢልኝ» አሉኝ። ስሟን ከነአባቷ፣ የተወለደችበትን 1978፣ ያረፈችበትን 2008 አነበብኩላቸው። ትንሽ ቆዩና ድንጋዩን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ «በዚያኛው ስም ስትጠሯት አቤት ትል ነበር?» ብለው ጠየቁኝ።

«ትል ነበር እማማ» አልኳቸው። «ወዬ ነበር የምትለው።»

«አዎ፣ ወዬ ነው የምትለው» አሉ።

ከተመለስኩ በኋላ አንድ ባለ ሃምሳ ቅጠል ደብተር ገዝቻለሁ። በየገጹ ሦስት መስመር አለው፤ የፓስፖርት ስም፣ የቤት ስም፣ የአባትና የእናት ስም ከነአገሩ። የክርስትና ስም ያላት ጥጉ ላይ ትጨምራለች። እናቴ የነገረችኝን ዘጠኙን ክምርም ከኋላ በኩል ጽፌዋለሁ፤ የትኛው ከወይራው ሥር፣ የትኛው ከበሩ በስተግራ እንደሆነ። እስካሁን አሥራ አንድ እህቶች ጽፈዋል። ሦስቱን ለዓመታት እያወቅኋቸው እውነተኛ ስማቸውን ያየሁት ገና አሁን ነው። አንዷ የፓስፖርቷን ጻፈችና ሁለተኛው መስመር ላይ ስትደርስ እስክሪብቶውን መለሰችልኝ። «ይሄኛውን አገሬ ስገባ እጽፈዋለሁ» አለች። ባዶውን ትቼላታለሁ። ደብተሩ እኔ ጋ ነው፤ ዓርብ ዓርብ ይዤው እመጣለሁ።